ወረቀትና ሕመም

(በተማሪዎች ማኅበር የጥናት ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ ላቲኖዎች የመኖሪያ ፈቃድና የሕክምና ዕድል)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከእናንተ አንዳንዶቹ «የሜክሲኮ ሰው ኩላሊት ለእኛ ምናችን ነው?» እያሉ ሲሣሣቁ ሰምተናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ግን ለጊዜው በይደር እናቆየውና ወደ ነገሩ እንግባ። እኛ ከሕክምና፣ ከሕግና ከኤኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የተውጣጣን ተማሪዎች ነን። ያዘጋጀነውን ለብዙ ምሽት ተከራክረንበታል፤ በአንዳንዱም ነጥብ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል እንናገር። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «ወረቀት አገኘ»፣ «ወረቀቱ ገና አልወጣለትም» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለንም። ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ ወይም ከሆንዱራስ ወደ አሜሪካ የሄደውም ሰው በስፓኝ ቋንቋው «ፓፔሌስ» ይላል፤ ትርጉሙ ያው ወረቀት ነው። የሕግ ሰዎች ለዚህ ነገር ዐሥር ዓይነት ስም አላቸው፤ ስደተኛው ግን በአንድ ስም ይጠራዋል። እኛም ዛሬ ማታ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ይህ ወረቀት ሰውን ከሐኪም ቤት በር የሚያስገባና የሚያስቀር ብቻ አለመሆኑን ነው። ወረቀት የበሽታውን ጠባይ ራሱን ይለውጣል። በጊዜ ቢያዝ ሊታገሥ የሚችለውን ሕመም ጠብቆ ጠብቆ ወደ ድንገተኛ አደጋ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ሕጉ ነው።

ላቲኖ የሚባሉት ከሜክሲኮ፣ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ እንዲሁም ከካሪብ ደሴቶች የመጡ ወይም ከእነዚያ የተወለዱ ሰዎች ናቸው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቍጥራቸው ከ62 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከአምስቱ አራቱ ገደማ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ስለዚህ «ላቲኖ» ማለት «ወረቀት የሌለው» ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከመነሻው ስሕተት ነው። በቋንቋ የሚገናኙት እነዚህ ሕዝቦች በሕጉ ፊት እጅግ የተለያዩ ናቸው። የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ከ1917 ጀምሮ ዜጋ ነው። ለኩባ ሰው በ1966 በወጣ ልዩ ሕግ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኝበት አጭር መንገድ ተከፍቶለታል። የሜክሲኮው ወይም የጓቲማላው የእርሻ ሠራተኛ ግን በዚያው አገር ሃያ ዓመት ቲማቲም ሲለቅም ቢኖር እንኳ ወደ ሕጋዊነት የሚወስደው መንገድ ላይኖር ይችላል። እርግጥ ነው፣ ወረቀት ሁሉን ነገር አይፈታም። ፖርቶ ሪካውያን ዜጎች ሆነው ሳለ በአስም በሽታ ከሌሎቹ ይልቅ ይጠቃሉ፤ ድህነትና የሚኖሩበት ቤት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይህን የምንለው ነገሩን አቅልለን እንዳናይ ነው።

ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ከሰማይ አልወረዱም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የእርሻ ሠራተኛ ስላጠረው ከሜክሲኮ መንግሥት ጋራ ተዋዋለ። በዚህ ውል የሄዱት ሰዎች «ብራሴሮ» ይባሉ ነበር፤ ስሙ «ክንድ» ከሚለው የስፓኝ ቃል የመጣ ነው። የተፈለገው ክንዱ እንጂ ሰውየው አልነበረምና ስሙ ባለቤቱን ያገኘ ይመስለናል። ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ ውል ተፈረመ። ሰዎቹ በድንበር ጣቢያ ተሰልፈው እጃቸው ሥራ የለመደ መሆኑ ይታያል፤ ልብሳቸውን አውልቀው ይመረመራሉ፤ የተባይ ማጥፊያው ዲዲቲ ይረጭባቸው ነበር። እንግዲህ ከላቲኖው ሠራተኛ ጋራ የአሜሪካ መንግሥት በጤና ጉዳይ የተገናኘው ቀድሞ በዚህ ዓይነት ነው፤ ምርመራው ለሰውየው ሳይሆን ለአሠሪው ነበር።

አሁን አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንለምናለን። የብራሴሮ ውል በ1964 መጨረሻ ላይ ተቋረጠ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1965፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ይህ ሕግ በሌላ በኩል ለእኛም ለአፍሪካውያን በር የከፈተ ነው፤ ከሜክሲኮና ከጎረቤቶቿ ለሚመጡት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የቍጥር ገደብ አደረገባቸው። ሥራው አልቀረም፤ ሠራተኛውም አልቀረም፤ የቀረው ወረቀቱ ነው። በዚያው በ1965 ደግሞ ያው ፕሬዚዳንት ለሽማግሌዎች ሜዲኬር፣ ለድኾች ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች አቋቋሙ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሕክምናው በር ሲከፈት፣ በሩ ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ከብዙ ሰው እጅ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የወጡትን ሕጎች በዝርዝር ብንተነትን ስለምታንቀላፉ ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያለውና ከሜዲኬር ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ማንንም ሰው ገንዘብም ወረቀትም ሳይጠይቅ እንዲመረምርና ከአስጊ ሁኔታ እንዲያወጣው ያስገድዳል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ስለሚያስፈልገው ክትትልም፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍልም አይናገርም። በ1996 የወጣው ሕግ ወረቀት የሌለውን ሰው ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ከፌዴራሉ መንግሥት የጤና ርዳታ ሁሉ ማለት ይቻላል አገለለው፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውንም አብዛኞቹን አምስት ዓመት እንዲጠብቁ አዘዘ። በ2010 የወጣው፣ በፕሬዚዳንት ኦባማ ስም የሚጠራው ታላቅ የጤና ሕግ ደግሞ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን የኢንሹራንስ ባለቤት ሲያደርግ፣ ወረቀት የሌለው ሰው በመንግሥቱ ገበያ በገዛ ገንዘቡ እንኳ ኢንሹራንስ እንዳይገዛ ከለከለ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በመጀመሪያ ስናነብ የትርጉም ስሕተት መስሎን ነበር፤ ሕጉን ደግመን አየነው፤ ስሕተት አይደለም።

ውጤቱ በቍጥር ይታያል። በ2023 በስደተኞች ሁሉ ላይ፣ ማለትም በላቲኖዎች ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በተደረገ ሰፊ መጠይቅ ወረቀት የላቸውም ተብለው ከተገመቱት ጐልማሶች ግማሾቹ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ሕጋዊ ፈቃድ ካላቸው 18 በመቶ፣ ዜግነት ካገኙት ስደተኞች 6 በመቶ፣ እዚያው ከተወለዱት ዜጎች 8 በመቶ ናቸው ኢንሹራንስ ያልነበራቸው። ዜግነት ያገኘው ስደተኛ ከተወላጁ አያንስም። እንግዲያው «ባህላቸው ነው፤ ሐኪም ቤት መሄድ አይወዱም» የሚለውን ምክንያት የሚያቀርብ ሰው እነዚህን አራት ቍጥሮች ጐን ለጐን ያስቀምጣቸው።

ወደ ኩላሊቱ መጥተናል። የሳቃችሁ ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን።

ኩላሊቱ ፈጽሞ የደከመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያህል ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። ይህ ካልሆነ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ልቡን ሊያቆመው ይችላል፤ የማይወጣው ፈሳሽም ሳንባው ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን ይዘጋዋል። አሜሪካ በ1972 በዓለም ላይ ብዙም የማይታይ ነገር አደረገ፤ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ዜጋ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ በሜዲኬር እንዲታከም በሕግ ወሰነ። ወረቀት የሌለው ሰው ግን በዚህ ውስጥ አልተካተተም። ለርሱ የቀረው የድንገተኛ ክፍሉ በር ነው። «ድንገተኛ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ መንገድ ይተረጕመዋል።

በካሊፎርኒያ ሕመምተኛው እንደማንኛውም ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። በቴክሳስ በብዙ ቦታ፣ በኮሎራዶም እስከ 2019 ድረስ፣ የሚሆነው ሌላ ነበር። ሕመምተኛው ቤቱ ተቀምጦ እስኪያብጥ፣ እስኪያቅለሸልሸው፣ ተኝቶ መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚሆነው በሳምንቱ ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፤ ደሙ ይመረመራል፤ ፖታሲየሙ አደገኛ ከተባለው ልክ ካልደረሰና ትንፋሹ ካልተቈረጠ «ገና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዶቹ ፖታሲየማቸው ከፍ እንዲልላቸው ብለው ብርቱካንና ሙዝ እየበሉ እንደሚመጡ ሐኪሞች ጽፈዋል። ከመካከላችን ያሉት የሕክምና ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቀሩ። በማንኛውም አገር ያለ ሐኪም ለኩላሊት ሕመምተኛ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባው እነዚህን ምግቦች እንዲጠነቀቅ ነውና፣ ሰውየው ለመዳን ሲል መርዙን እየለካ ይውጣል ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ ለሳይንስ ሰዎች ማንም ሊያቅደው የማይደፍር ሙከራ ሆነላቸው። በሽታው ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ወረቀት አለመኖሩም ያው ሆኖ የተለየው ከተማው ብቻ ነው። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በዴንቨር፣ በሂውስተንና በሳን ፍራንሲስኮ ወረቀት የሌላቸውን 211 ሕመምተኞች አነጻጸረ። በድንገተኛ ክፍል ብቻ የሚታጠቡት በአምስት ዓመት ውስጥ የመሞት አደጋቸው ዘወትር ከሚታጠቡት 14 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዳላስ ደግሞ በ2015 ከእነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ በበጎ አድራጎት ርዳታ የግል ኢንሹራንስ የሚያገኙበት አጋጣሚ ተፈጠረ። ከ181 ሰዎች 105ቱ አገኙና ዘወትር መታጠብ ጀመሩ፤ 76ቱ ሳያገኙ ቀሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ካገኙት 3 በመቶ፣ ካላገኙት 17 በመቶ ሞቱ። ወጪውስ? ዘወትር የሚታጠበው ሰው በወር 5,768 ዶላር ያህል አንሶ ተገኘ። ድንገተኛ ክፍሉ፣ አልጋው፣ በጭንቅ ሰዓት የሚደረገው ርብርብ ሁሉ ውድ ነውና።

የኤኮኖሚክስ ተማሪው ጓደኛችን በዚህ ጊዜ ተነሥቶ የተናገረውን እንደ ወረደ እንነግራችኋለን፤ ብዙዎቻችሁም እንደርሱ እንደምታስቡ እናውቃለን። «ይህ የአንድ ሕመምተኛ ሒሳብ ነው፤ የአገር ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ሕክምናው እንደ ልብ ከተሰጠ፣ ሕክምና ፍለጋ የሚመጣው ሰው ይበዛል» አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። በበኩላችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ስደተኛ በአብዛኛው የሚመጣው በወጣትነቱና በጤናው ነው፤ የኩላሊቱም ሕመም ብዙዎቹን የሚያገኛቸው አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ከሠሩ በኋላ ነው። ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ግብርም ይከፍላሉ፤ በ2022 ለሜዲኬር ብቻ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደከፈሉ ተገምቷል፤ ይኸውም ሽማግሌ ሲሆኑ ሊጠቀሙበት ለማይችሉት ገንዘብ ነው። ለስደተኞች የሚሰጠው የድንገተኛ ሜዲኬይድ ወጪም ከጠቅላላው የሜዲኬይድ ወጪ አንድ በመቶ አይሞላም። ጓደኛችን ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም፤ የካሊፎርኒያን ነገር አንሥቶብናልና ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መግባት ነው። ከገቡ በኋላስ? ስለ ሕክምናው ጥራት ረጅም ነገር መናገር ይቻል ነበር፤ አንድ ታሪክ ይበቃናል። በ1980 በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ላቲኖ ወጣት ራሱን ስቶ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ሆኗል ይላሉ። ቃሉ በእነርሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር ጐድቶታል ማለት ነው። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ግን ከእንግሊዝኛው ቃል ጋራ አምታተው «አደንዛዥ መድኃኒት ወስዷል» ብለው ተረዱና እንደዚያው አከሙት። በእውነቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ልጁ ከሞት ተረፈ፤ እጅና እግሩ ግን ሽባ ሆነ። አስተርጓሚ ያልጠሩት ስፓኝኛውን የተረዱት ስለ መሰላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ ቀጥረዋል፤ በ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ መሠረትም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ በቋንቋ ምክንያት ሰውን ሊያገል አይገባውም። በዚህ ረገድ ምስጋና የሚገባቸው የሠፈር ጤና ጣቢያዎቹ ናቸው። ለዘላን የእርሻ ሠራተኞች በ1962 በወጣው ሕግ፣ ለድኾች ሠፈሮች ደግሞ ከ1965 ጀምሮ የተቋቋሙት እነዚህ ጣቢያዎች በሽተኛውን እንደ አቅሙ አስከፍለው ያክማሉ። ነገር ግን ስኳር በሽታውን የሚያክመው ጣቢያ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ አይችልም፤ በሽተኛው ወደ ልዩ ሐኪም በተላከ ቍጥር ከዚያው የኢንሹራንስ ግንብ ጋራ ይጋጫል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የፍርሃት ነገር ነው፤ ፍርሃት ወረቀት ያለውንና የሌለውን አይለይምና። በ1994 የካሊፎርኒያ መራጮች 59 በመቶ ያህል ሆነው ሐኪምና አስተማሪ ወረቀት የለውም ብለው የጠረጠሩትን ሰው እንዲያመለክቱ የሚያዝዝ ሕግ አጸደቁ። ፍርድ ቤት አገደው እንጂ የእኛው የሕክምና ተማሪዎች እዚያ ቢሆኑ ኖሮ የፖሊስ ሥራ ይጨመርላቸው ነበር። በግንቦት 2008 ደግሞ በአዮዋ ግዛት ፖስትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ወደ 900 የሚጠጉ የመንግሥት ሰዎች አንድ የሥጋ ፋብሪካ ከበው 389 ሠራተኞች ያዙ፤ አብዛኞቹ ጓቲማላውያን ነበሩ። በኋላ ተመራማሪዎች በግዛቱ ውስጥ የተወለዱትን ሕፃናት መዝገብ መረመሩ። ከወረራው በኋላ ከላቲኖ እናቶች የተወለዱት ሕፃናት ክብደታቸው ዝቅተኛ የመሆኑ አደጋ ካለፈው ዓመት በ24 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ይህም እዚያው አሜሪካ በተወለዱት፣ ዜጎች በሆኑት ላቲኖ እናቶች ላይም ታየ። በነጭ እናቶች ልጆች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ዜጋዋን እናት ማንም አልያዛትም፤ ማንም አልጠየቃትም። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ግን ወሬውን ሰምቷል።

ወላጆቻቸው ወረቀት የሌላቸው፣ ራሳቸው ግን ዜጎች የሆኑ ልጆች ከአራት ሚሊዮን በላይ ናቸው። የልጁን የሜዲኬይድ ቅጽ የሚሞላው አባት የገዛ አድራሻውን እየጻፈ ነው። በ2025 ለዚህ ፍርሃት ምክንያት ተጨመረለት። በጥር ወር በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት አካባቢ ሰው እንዳይያዝ ይገድብ የነበረው መመሪያ ተሻረ፤ በበጋው ደግሞ የሜዲኬይድ ተመዝጋቢዎች መረጃ ለኢሚግሬሽን ክፍሉ የበላይ መሥሪያ ቤት መተላለፉ ታወቀና ብዙ ግዛቶች ከሰሱ። የሕግ ተማሪዎቻችን ስለ ክሱ ብዙ ሊነግሯችሁ ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን የቅጹ ነገር ይበልጥብናል። ለሐኪም የተነገረ አድራሻ ለፖሊስ ከደረሰ በኋላ፣ «ምሥጢራችሁ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ቃል በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ማን አንብቦ ያምነዋል?

አሁን ስለ ካሊፎርኒያ። ይህ ግዛት በገዛ ገንዘቡ ወረቀት የሌላቸውን ድኾች ደረጃ በደረጃ በሜዲኬይዱ ውስጥ አስገባ፤ በ2016 ልጆችን፣ በ2020 ወጣቶችን፣ በ2022 ከ50 ዓመት በላይ ያሉትን፣ በጥር 2024 የቀሩትን ሁሉ። ወጪው ግን ከተገመተው በላይ ሆነ፤ በጀቱም ጐደለ። በ2025 ግዛቱ ከጥር 2026 ጀምሮ ወረቀት የሌላቸው ጐልማሶች አዲስ እንዳይመዘገቡ ወሰነ። ኢሊኖይም በዚያው ዓመት ከ42 እስከ 64 ዓመት ላሉት ስደተኞች የነበረውን መድን ዘጋ። የኤኮኖሚክስ ተማሪው «ብዬ አልነበረም?» ብሎናል። ብሏል፤ አንክድም። የእኛ መልስ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ግብሩን ከእነዚህ ሰዎች እየወሰደ ወጪውን ለአንድ ግዛት ብቻ ከተወ በጀቱ መጕደሉ አያስደንቅም የሚል ነው። በዚህ ላይ እስከ አሁን አልተስማማንም።

በይደር ያቆየነው ጥያቄ ይቀረናል። የሜክሲኮ ሰው ኩላሊት ለእኛ ምናችን ነው? በ1996 የወጣውና አምስት ዓመት ጠብቁ የሚለው ሕግ የተጻፈው ለላቲኖ ብቻ አይደለም። በዲቪ ዕጣ ወጥቶለት ከቦሌ የሚነሣው ወገናችን ሙሉ ወረቀት ይዞ እያለ ከዚያው ወረፋ ላይ ይቆማል። ከመካከላችን የአንዱ አክስት በዲቪ ከሄዱ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቨርጂኒያ ከልጃቸው ጋራ ይኖራሉ። ቀድሞ እንደርሳቸው ሜዲኬይድ የተከለከለ፣ ገቢውም ከድህነት ወለል በታች የሆነ ሕጋዊ ስደተኛ በመንግሥት ድጎማ ኢንሹራንስ መግዛት ይችል ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ያንንም ከጥር 2026 ጀምሮ አስቀርቶታል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በየአራት ወሩ ከአዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ እንልክላቸዋለን። በድንበር አጠገብ የሚኖሩ ላቲኖዎችም እንደዚሁ መድኃኒት ለመግዛትና ጥርስ ለማስነቀል ወደ ሜክሲኮ ይሻገራሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ወረቀት ያላቸው ናቸው። የሌለው ቢሻገር መመለሻ የለውም።

እትዬ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለው «ግፊቱን እየለካሁ ነው፤ ደኅና ነኝ፤ ለጊዜው እንዳልታመም እጠነቀቃለሁ» ብለዋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ብታነጋግሩን ደስ ይለናል፤ የመድኃኒቱ መያዣ ትንሽ ናት፤ ሻንጣ አታጣብብም።